የመምህርነትን ሁለት ዲግሪ ባንድነት ስለ መማር

ለልጆች ታሪክንና መልክዐ ምድርን፥ የሕዝብን ኑሮና የዜግነትን ሥርዓት የሚያስተምር ሰው ራሱ ስንት ዓመት መማር እንደሚገባው፥ በምንስ ተራ መማር እንደሚገባው በብዙ አገር ሲያከራክር የኖረ ነገር ነው። በፊንላንድ አገር በ1971 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው ማሻሻያ፥ መምህር ለመሆን የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ዲግሪ ባንድ መሥመር አምስት ዓመት ያህል እንዲማር ተደርጓል። በአሜሪካም አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ትምህርት ለሁለቱም ዲግሪ እንዲቈጠር አድርገው አንድ ዓመት ያህል ያሳጥራሉ። በኢትዮጵያ ግን ነገሩ ተከፋፍሎ ቈይቷል። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በወጣው ሥርዓት አንድ ወጣት አስቀድሞ ሦስት ዓመት ታሪክ ወይም መልክዐ ምድር ይማር ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል የማስተማርን ሙያ ይማር ነበር፤ ሁለተኛ ዲግሪ ቢመኝ ደግሞ ሌላ ሁለት ዓመት ይጨምር ነበር። ይህ ሁሉ ስድስት ዓመት ነበረ፤ በመካከሉ ሥራ መፈለጉና ቤተ ሰብ መርዳቱ ሳይቈጠር።

ይህ ክርክር ለሐይቅ ሰዎች ፈጽሞ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ናት። ከአጠገቧ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ አበምኔትነት የታወቀ የትምህርት ቦታ ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዚያ ተምረዋል፤ በጣና የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም ያቀኑት አባ ኂሩተ አምላክም ከዚያው የወጡ ናቸው። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ሲሆን እስከ ዛሬ ይገኛል። እንግዲህ ከሐይቅ የወጣው ደቀ መዝሙር ተምሮ የሚቀመጥ አልነበረም፤ ሄዶ ሌላ ጉባኤ የሚተክል ነበረ።

ከዚያ ወዲህ በኖረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፥ መማርና ማስተማር ተለያይተው አያውቁም። ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል ለሚቈጥረው ታናሹ ያስቈጥራል፤ በዜማ ቤት የበረታው ተማሪ ለደካማው ያስቀጽላል፤ የኔታ ግን ከሩቅ ሆነው ይሰማሉ፥ የተሳተውንም ያቀናሉ። በወሎ ያለው ደረሳም እንዲሁ ነው፤ ኪታቡን ከሼኹ ዘንድ ሲቀራ አዲስ የመጣውን ያስቀራል። ማንም ሰው «ዕውቀቱን ጨርሻለሁ፤ አሁን ማስተማሩን ልማር» ብሎ ሌላ ደጅ የጠና የለም። ተማሪው በመጨረሻ ተመርቆ ሲወጣ፥ ለብዙ ዓመት ሲያስተምር የኖረ ሰው ሆኖ ነው የሚወጣው። (ይህ ትምህርት ዘመን ይፈጃል፥ የቃል ጥናትም ይበዛበታል የሚለው ነቀፋ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን መምህርን በማውጣት ረገድ የሚነቀፍ አይደለም።)

ዘመናዊው የመምህራን ማሠልጠኛ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ተጀመረ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሮች ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ የሚበዙትም የተመደቡት በመምህርነት ነበረ። ያ ዓመት ለብዙ ወጣት አገሩን የሚያይበት ዓይን ሆነለት። ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲመለስም የሚጠይቀው ጥያቄ ከቀድሞው የተለየ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ግን ሥርዓቱ ወዲያና ወዲህ ሲል ኖረ። በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው ለውጥ የማስተማር ጥበብ ከትምህርቱ ጋር ባንድነት እንዲሰጥ ቢደረግ፥ «የትምህርቱ ፍሬ ሳሳ» የሚል ወቀሳ መጣ፤ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ሁለቱ ሲለያዩ ደግሞ ወደ መምህርነት የሚመጣው ሌላ ሥራ ያጣ ሰው ነው የሚል ቅሬታ በመምህራን ዘንድ ተሰማ። ሁለቱም ወቀሳዎች ከእውነት የራቁ አይመስሉም። በመጀመሪያው ጊዜ ዓመቱ አነሰ፤ በሁለተኛው ጊዜ ልቡ አነሰ።

ሁለቱን ዲግሪዎች አጣምሮ መማር የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። አምስት ዓመት ቢሰጥ ለታሪኩም ለመልክዐ ምድሩም ጊዜ ይበቃል፤ መምህርነትን ገና ከመግቢያው የመረጠ ሰውም ይገኛል። ነገር ግን የተጨመረው ጊዜ በምን እንደሚሞላ ካልታሰበበት፥ ትርፉ አንድ ወረቀት በሌላ ወረቀት ላይ መደረብ ብቻ ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል በሐይቅና በአምባሰል የሚያስተምረውን ሰው ማሰብ ይበቃል። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የሌለው፥ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት፥ 88 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ተጨምሮበት የሰውም የውሃውም ኑሮ ተለውጧል። ይህን ዐውቆ ልጆቹን ወደ ዳር አውርዶ የሚያስተምር ሰው፥ ስለ ውሃና ስለ ሕዝብ ኑሮ ሌላ ምሳሌ ከሩቅ መዋስ አያስፈልገውም። ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ቦሩ ሜዳ አለ፤ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ አድርገው የሃይማኖት ነገር የወሰኑበት ቦታ ነው። የክርስቲያንና የእስላም ልጆች ባንድ ወንበር በሚቀመጡበት ክፍል ይህን ታሪክ ሳይሸፍኑና ሳያቈስሉ ማስተማር ትልቅ ሙያ ይጠይቃል፤ ይህንንም ሙያ ከመጽሐፍ ብቻ ማግኘት አይቻልም።

በአምባሰል ወረዳ ደግሞ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል ውል የተፈረመው በዚያ ነው። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች ነገሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም ይቻላቸዋል ሲል፥ በኢጣልያንኛው ግን እንደ ግዴታ አድርጎ ጽፎታል። ከዚህ የተነሣ ክርክሩ እያደገ ሄዶ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ደረሰ። ብዙ ተማሪ ይህን ለፈተና በቃሉ ያጠናዋል፤ መልሱንም ይጽፋል። በሁለት ቋንቋ የተጻፈ አንድ ውል ለምን ሁለት ትርጓሜ እንደሚወልድ፥ የጽሑፍ ማስረጃስ እንዴት እንደሚመረመር ተማሪው ራሱ እንዲደርስበት የሚያደርግ መምህር ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን መምህር የሚያወጣው የምርመራ ትምህርት ነው፤ የሁለተኛው ዲግሪ ዋጋም ይኸው ነው። ስለዚህ የመጨረሻው የምርምር ጽሑፍ ከክፍሉ ሥራ የተነጠለ ሊሆን አይገባም። ተማሪው በሚለማመድበት ትምህርት ቤት፥ በዚያው አገር ነገር ላይ፥ ከሚያስተምራቸው ልጆች ጋር የሚሠራው ሊሆን ይገባል።

ሌላው ከባድ ነገር ወጪው ነው። እስከ አሁን ብዙ መምህር ዲግሪውን ያሳደገው በክረምት ትምህርት ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ልብሱን ሸክፎ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ ያ ጊዜ ግን ለገበሬ ቤተ ሰብ የእርሻና የአረም ወራት ነው። አባቱን ሊያግዝ የሚገባው ልጅ፥ ሕፃን ያላት መምህርትም በየክረምቱ ከቤት ይለያሉ። መስከረም ሲጠባ ሳያርፉ ወደ ክፍል ይመለሳሉ። ይህን በትዕግሥት የፈጸሙት ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ሥርዓቱ በሰው ትዕግሥት ላይ ብቻ ሊቆም አይችልም። አምስቱን ዓመት ባንድነት የሚማር የገበሬ ልጅም ቢሆን አምስተኛውን ዓመት ያለ ደመወዝ ሊገፋው አይችልምና፥ ያ ዓመት በትምህርት ቤት የሚሠራበት፥ ለሠራውም የሚከፈለው ሊሆን ያስፈልጋል። ይህ ካልሆነ የተጣመረው ትምህርት የከተማ ባለ ጠጎች ልጆች መንገድ ሆኖ ይቀራል።

ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ አለባት። ሐይቅም ውጫሌም ከዚያ በአውቶቡስ የሚደረስባቸው ናቸው። የመጨረሻውን ዓመት ተማሮች በእነዚህ ከተሞች ትምህርት ቤቶች መድቦ፥ ለእያንዳንዳቸው ከቈዩት መምህራን አንዱን እንደ የኔታ አድርጎ መስጠት ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ሕንፃ ሳይሆን፥ ለቈየው መምህር ከሳምንቱ ክፍለ ጊዜ ጥቂቱን ቀንሶ ተማሪውን የሚሰማበት ጊዜ መስጠት ነው።