ዶሮ ሕመሟን አትናገርም፤ ምልክቷን እናንብብ



የዶሮ ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው «የሴቶች ሥራ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ግን እስቲ እናስላው። ጨው ያለቀ ቀን፣ ለልጅ ደብተር መግዣ የታጣ ቀን የምንሄደው ወዴት ነው? ወደ ዶሮዋ አይደል? በሬ ተሸጦ ጨው አይገዛም፤ እንቁላል ተሸጦ ግን ይገዛል።

ይህን ሀብት ሁለት ዓይነት ሌባ ይሰርቀዋል። አንደኛው እንደ ጭልፊትና እንደ ሸለምጥማጥ በዓይን የሚታይ ነው። ለእሱ ድንጋይ አለ፤ ውሻ አለ። ሁለተኛው ግን በላባና በሆድ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ነው። እሱም ቅማል፣ ቅንቅን፣ ቁንጫ፣ መዥገርና የሆድ ትል ነው። እነዚህ ጥገኛ ተባዮች ይባላሉ። ጥገኛ ማለት በሌላው ደምና ምግብ የሚኖር ማለት ነው። ዶሮዋን በአንድ ቀን አይገድሏትም። ቀስ በቀስ እንቁላሏን ያስቀሩባታል።

ጤነኛ ዶሮ በምን ትታወቃለች?

ጠዋት በሩ ሲከፈት ቆማችሁ ተመልከቱ። ጤነኛ ዶሮ ተሻምታ ትወጣለች፤ ወዲያው መጫር ትጀምራለች። ዓይኗ ጥርት ያለ፣ አፍንጫዋ ደረቅ ነው። እንቁላል በመጣል ላይ ከሆነች በራሷ ላይ ያለው ሥጋ ደማቅ ቀይ ነው። ኩሷ ጠጠር ብሎ ጫፉ ላይ ነጭ አለበት።

የታመመችው ከሁሉም ኋላ ትወጣለች። ላባዋን ነፍታ፣ ክንፏን ጥላ ጥግ ትይዛለች። የራሷ ሥጋ ከገረጣ ደሟ አንሶ ይሆናል። ወይ ከውጭ ተባይ እየመጠጣት ነው፤ ወይ ከውስጥ ትል አለባት። ከ3 እስከ 6 ሳምንት የሆናቸው ጫጩቶች ደም የተቀላቀለበት ኩስ ከጣሉ ግን ነገሩ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል። ዕለቱን ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ሂዱ።

ማታ በእጃችሁ ዳስሱ

ዓይን ብቻ አይበቃም፤ ላባ ክሳትን ይሸፍናል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ፣ ባትሪ ይዛችሁ ግቡ። ማታ ስለማይሮጡ መያዙ ቀላል ነው።

አንደኛ፤ ደረቷን ዳስሱ። የደረቷ አጥንት ግራና ቀኙን ሥጋ ከለበሰ ደህና ናት። እንደ ቢላ ስለት ከወጣና ስትበላም የማትወፍር ከሆነች ትል ጠርጥሩ።

ሁለተኛ፤ ከክንፏ ሥርና ከኩስ መውጫዋ ዙሪያ ላባውን ገልጣችሁ እዩ። ቢጫ መሳይ ተባይ ከሮጠ ቅማል ነው። በላባው ሥር ነጭ ነገር ተጋግሮ ካለ ቅጫሙ ነው።

ሦስተኛ፤ ፊቷን እዩ። በዓይኗ ዙሪያ እንደ ጥቁር ነጥብ የተጣበቀ ነገር ቁንጫ ነው። ቫዝሊን ቀቡት፤ ታፍኖ ይሞታል። ወደ ዓይኗ ውስጥ ግን አይግባ።

አራተኛ፤ የእግሯ ቅርፊት ተነሥቶ ከሻከረ ከሥሩ በዓይን የማይታይ ተባይ ገብቷል። በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ ዘይት ቀቡ፤ እስኪለሰልስ በየሳምንቱ ድገሙት።

አምስተኛ፤ ነጭ ጨርቅ ወስዳችሁ የቆጡን እንጨት ከሥሩ እሹት። ጨርቁ ላይ ደም ከቀረ ቅንቅን አለ ማለት ነው።

ተባዩ የት ይተኛል?

መፍትሔው ያለው እዚህ ላይ ነው። ቅማል ዕድሜውን ሁሉ የሚኖረው በዶሮዋ ገላ ላይ ነው። ቅንቅን ግን የጤፍ ቅንጣት ታክላለች፤ ቀን በግድግዳና በቆጥ ስንጥቅ ትደበቃለች፤ ሌሊት ወጥታ ደም ትመጣለች። የዶሮ መዥገርም እንዲሁ ነው። ሳይበላ ከዓመት በላይ መኖር ይችላል። ስለዚህ ዶሮዋን ብቻ ማከም ምን ዋጋ አለው? ቤቷም ይታከም።

የወስፋት ዕንቁላል ደግሞ ከኩስ ጋር ይወጣል። እርጥብ መሬት ላይ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ይበስላል። ከዚያ ዶሮዋ ስትጭር መልሳ ትውጠዋለች። ኩሱን በየሳምንቱ ጠርጋችሁ ራቅ ወዳለ የፍግ ጉድጓድ ከጣላችሁ ሰንሰለቱ ይቆረጣል። እርሻውም ማዳበሪያ ያገኛል።

ምን እናድርግ?

ስንጥቁን የፈላ ውኃ አፍስሱበት፤ ከዚያ በጭቃ ምረጉት። ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ክንድ ስፋት፣ ስንዝር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። የቀዘቀዘ ደረቅ አመድና ደቃቅ አፈር ሙሉበት። ዶሮዎች ራሳቸው እየተንከባለሉ ቅማላቸውን ያራግፋሉ። አመዱ አይርጠብ፤ የረጠበ አመድ ቆዳ ያቃጥላል።

ልትታቀፍ የተዘጋጀች ዶሮ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋታል። 21 ቀን ስትቀመጥ እንደ ልብ አትንከባለልም፤ ቅማልም ይበዛባታል። ሲብስባት ዕንቁላሉን ጥላ ትነሣለች። ስለዚህ ከመታቀፏ በፊት መርምሯት፤ ጭዱን በአዲስ ለውጡ።

መርዝ አትንፉባት

አንዳንድ ሰው ለእህል የተገዛውን የነቀዝ መድኃኒት ዶሮ ላይ ይነፋል። ይህ አደገኛ ነው። ዶሮዋ ባትሞት እንኳ መርዙ ወደ ዕንቁላሉ ይገባል። ዕንቁላሉን ማን ይበላዋል? ልጃችን! አመድና ንጽሕና ካልበቁ የዶሮ መድኃኒት ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ውሰዱ። «ዕንቁላሏ ለስንት ቀን አይበላም?» ብላችሁም ጠይቁ።

ዶሮ አጥር አታውቅም

አንድ ሰው ብቻውን ቤቱን ቢያጸዳ የጎረቤት ዶሮ ተባዩን ታመጣበታለች። ስለዚህ መንደሩ አንድ ቀን ቆርጦ አብሮ ያጽዳ። ከገበያ የተገዛች ዶሮ 14 ቀን ለብቻዋ ትቆይ። የታመመችን ዶሮ ደግሞ «ሳትሞት ልሽጣት» አትበሉ። ሕመሟ ፈንግል ከሆነ የገዢውን መንደር ዶሮ ይጨርሳል፤ ዞሮም ወደ እኛ ይመጣል። ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ ጤነኛ ሳሉ ነው የሚሰጠው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የቀበሌያችሁን ባለሙያ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ተሰብስባችሁ ተወያዩ

1. በመንደራችን ዶሮ የሚያድረው የት ነው? ኩሱስ በስንት ቀን ይጠረጋል?
2. የነቀዝ መድኃኒት ዶሮ ላይ የሚነፋ አለ? እንዴት እናስተወው?
3. ቆጥና ቤት በጋራ የምናጸዳው መቼ ይሁን?

ያነበበ ላላነበበ ያንብብለት!