ንጉሡ የሳተው ሥዕል

ጠጋ በሉማ፤ ይህቺ ጮክ ተብላ የምትወራ አይደለችም።

ታይፔይ ባለው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሁለት ጥቅል ሥዕሎች አሉ። ሁለቱም ላይ ቻይና ያሉት የፉቹን ተራሮች በጥቁር ቀለም ተሥለዋል። አንደኛው ግን ሰማይ የለውም ማለት ይቻላል። ሠዓሊው ባዶ የተወውን ወረቀት የቺንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ በገዛ እጁ ጽፎ ሞልቶታል፤ ከ50 በላይ ማስታወሻ፣ ቀያይ ማኅተሙ ሳይቆጠር። ሌላኛው ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

ታዲያ በጽሑፍ የተጨናነቀው ቅጂ ነው። ዋናው፣ ሠዓሊው ሁዋንግ ጎንግዋንግ በ1350 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ጽሑፉን ያኖረበት፣ ያ ጥርት ያለው ነው።

ቺየንሎንግ ቅጂውን ያገኘው በ1745 ነው። ወደደው፤ መንገድ ሲወጣም አይለየውም ነበር። በዓመቱ ዋናው መጣ። አሁን ምን ይበል? ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ። ዋናውን «ቅጂ ነው» ብሎ ፈረደና ፍርዱን እዚያው ሥዕሉ ላይ እንዲያሰፍር ሹሙን ሊያንግ ሺጀንግን አዘዘው። ሹሙም ጻፈ። እኔ አምኖ የጻፈ አይመስለኝም።

የአንድ ሰው እልህ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የቺየንሎንግ ወገኖች ማንቹዎች ቤይጂንግን የያዙት በ1644 ነው፤ ለቻይና ምሁር ባዕድ ፈረሰኞች ነበሩ። የጥንቱን ሥዕልና ነሐስ ሰብስቦ፣ እውነተኛው ይህ፣ ሐሰተኛው ያ እያሉ መዳኘት «ወራሹ እኔ ነኝ» ማለት ነበር። በየባለጸጋው ቤት የነበረው ምርጥ ሥዕል ቤተ መንግሥት ገብቶ ቀረ። ነገሩ መጽሐፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ከፋ። ከ1773 ጀምሮ ከ36,000 በላይ ጥራዝ ያለው ግዙፍ ስብስብ በእጅ ሲገለበጥ፣ ለዚሁ ተብሎ ከየአውራጃው የመጣው መጽሐፍ ተበጠረ፤ ማንቹን የሚነካው እሳት ገባ።

ወደ ሥዕሉ ልመለስ። «ቅጂ» የተባለው ዋናው ግምጃ ቤት ገብቶ ተቀመጠ፤ ከንጉሡ ብዕር የዳነውም በዚሁ ነው። ቢወደው ኖሮ ያ ሰማይ ዛሬ አይገኝም ነበር። በቤተ መንግሥቱ የሥዕል መዝገብ የሰፈረው በ1816 ነው፤ በልጁ ዘመን፣ ቺየንሎንግ ከሞተ ከ17 ዓመት በኋላ።