የድሬዳዋ ውሃ ከየት ይመጣል? እስከ መቼስ ይበቃል?

ከተማዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ አብዛኛውን ዓመት የሚያየው ሰው አሸዋ እንጂ ውሃ አያገኝበትም። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከእግሯ ሥር ነው፤ ከሳቢያንና ከሌሎች ሰፈሮች ጉድጓዶች በፓምፕ እየተሳበ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ። በደቡብ በኩል በደንገጎ ተራሮች ላይ የሚጥለው ዝናብ በኖራ ድንጋዩና በአሸዋ ድንጋዩ ስንጥቆች ሰርጎ፣ ቀስ እያለ ወደ ቆላው ይወርዳል።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ የቆረቆራት ከተማ ዛሬ ብዙ ሕዝብ ይኖርባታል። የአስተዳደሩ ነዋሪ በ1987 ቆጠራ ከ250 ሺህ ጥቂት ይበልጥ ነበር፤ በ1999 ከ340 ሺህ አለፈ። እንግሊዛዊው ማልተስ የሕዝብ ቁጥር ከምግብ ፈጥኖ ያድጋል ብሎ ከጻፈ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ለድሬዳዋ ግን ወሳኙ ልክ ምግብ ሳይሆን ዝናቡ ወደ ዓለቱ የሚሰርግበት ፍጥነት ነው። ከሚሰርገው በላይ ከተሳበ የውሃው ወለል ይወርዳል፤ ጉድጓዱ ይጠልቃል፤ ወጪው ይንራል።

ይህ ፍጥነት ደግሞ የሚወሰነው ተራራው ላይ ነው። እንጨቱ ለማገዶ ተቆርጦ፣ ቁልቁለቱ ታርሶ አፈሩ ሲሸረሸር፣ ዝናቡ የሚሰርግበት ጊዜ አያገኝም፤ እንደ ወረደ ይነጉዳል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። በወንዙ ዳርና በወንዙ መሄጃ ላይ የሰፈረው ሕዝብ ብዛት ጉዳቱን አባብሶታል። ጉድጓዶቹን ሊሞላ ይችል የነበረ ውሃ በአንድ ሌሊት ገዳይ ሆነ።

ሌላው ችግር ከራሷ ከከተማዋ የሚመጣ ነው፤ እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ውሃ ላይ ተቀምጣለች። ቤት በጨመረ ቁጥር የሽንት ቤት ጉድጓድ ይጨምራል፤ ከዚያ በሚሰርገው ቆሻሻ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬት ሽታም ቀለምም የለውም። በከተማዋ ጉድጓዶች መጠኑ ከፍ ብሎ መገኘቱን ጥናቶች አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ በተለይ የጨቅላ ሕፃናት ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ስለሚቀንስ አደገኛ ነው። ውሃውን ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ያከማቸዋል።

ከዚህ ቆላ የምትጠጣው ድሬዳዋ ብቻ አይደለችም። ጎረቤቷ ሐረር ቀድሞ ከሐሮማያ ሐይቅ ትጠጣ ነበር። ሐይቁ ደረቀ፤ የሐረር ውሃም በረጅም ቧንቧ በድሬዳዋ አቅጣጫ ካሉት የድሬ ጃራ ጉድጓዶች እየተሳበ ሽቅብ እንዲወጣ ተደረገ። ቆላው አሁን ደጋውንም ጭምር ያጠጣል።

ስለዚህ ውሃ በጠፋ ቁጥር አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ተራራው ላይ እርከን ሊሠራና ዛፍ ሊተከል፣ ከተማው ውስጥም የፍሳሽ መስመር ሊዘረጋ፣ የጉድጓዶቹ ዙሪያም ከሰፈራ ሊጠበቅ ይገባል። ይህ ሥራ የአስተዳደሩ ብቻ አይደለም፤ የደንገጎ ገበሬም የሳቢያን ነዋሪም ድርሻ አለው።