ማደስ ነው ወይስ ሌላ መግዛት?

አንዲት እናት ዕቁብ ሲወጣላት ገንዘቡን ምን ላይ እንደምታውለው ብትጠይቋት መልሱ ከጥያቄያችሁ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፤ የሚያፈስ ቆርቆሮ አለ፤ ለበዓል የተበደሩት አለ። ዛሬ የምናወሳላችሁ ግን የዕቁቧን ገንዘብ፣ ከስንት ዓመት አንዴ፣ ለራሷ ልታውለው ስላሰበች እናት ነው። ጉዳዩ የብስክሌት ጉዳይ ነው። «ብስክሌትን ከሴቶች ዓምድ ምን አገናኘው?» የምትሉ ካላችሁ ባሕር ዳር ኖራችሁ አታውቁም ማለት ነው።

ባሕር ዳር መሬቷ ሜዳ፣ መንገዶቿም በዘንባባ የተሰለፉ በመሆናቸው ብስክሌት የወንድና የሴት፣ የተማሪና የሠራተኛ መሄጃ ሆኖ የኖረባት ከተማ ናት። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ቁጥሩ እንደ ቀድሞው ባይሆንም፣ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጁ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ የባጃጁም ሒሳብ አብሮ ስለ ወጣ፣ ጥግ ላይ ተደግፋ የቆየችውን ብስክሌት አቧራዋን ያራገፈ ብዙ ነው።

ወዳጄ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ቤቷ ዓባይ ማዶ ስለሆነ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን ባለ 380 ሜትሩን አዲሱን ድልድይ ጠዋትና ማታ ትሻገራለች። ብስክሌቷ ጃፓን ሠራሽ፣ ጎማዋ ቀጭን፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ የታጠፈ የመንገድ ብስክሌት ናት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አሮጌ ሆና ነው የገዛቻት። «ከተቀመጥኩባት በኋላ መኖሯን እረሳታለሁ» ትላለች። ከዚህ የበለጠ የምቾት መግለጫ እኔ አላውቅም።

ታዲያ ባለፈው ጥቅምት ዕቁቡ ሲወጣላት ወደ እኔ መጣችና «እቴ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ይህችን ላድሳት ወይስ ሌላ ልግዛ?» አለችኝ። ከአንድ ሱቅ መስኮት ውስጥ ያየችው፣ በአልሙኒየም የተሠራ ቀላል ብስክሌት ልቧን ወስዶታል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን ያህል እንደ ወጣ ታውቁታላችሁ። የተጠየቀችው ዋጋ የዕቁቡን ገንዘብ ጠራርጎ የሚወስድ ነበር። የእሷ ሐሳብ ወይ ይህንኑ መክፈል፣ ወይ ግማሹን አውጥታ የአሮጌዋን ጎማና ቸርኬ፣ ማርሽና ፍሬን በአዲስ ማስለወጥ ነው።

እኔ ስለ ብስክሌት የማውቀው ትንሽ ስለሆነ አንድ በዕድሜ የገፉ ጠጋኝ ዘንድ አብረን ሄድን። ሰውየው ብስክሌቷን ገልብጠው ቆሙና ዝም ብለው መንኰራኩሩን ማሽከርከር ጀመሩ። ቆይተውም «እትዬ፣ ይህ ጎማ 27 ነው» አሉ። ወዳጄ «እንግዲያውስ በሌላ 27 ይለወጣላ» ስትል፣ ሰውየው ከጎማው ጎን የተቀረጸውን ትንሽ ቍጥር እንድታነብ አደረጓት። 32-630 ይላል። ብስክሌት ያላችሁ ሁሉ ይህን ብታዩት መልካም ነው። የመጀመሪያው ቍጥር የጎማው ውፍረት፣ ሁለተኛው ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። የዛሬ የመንገድ ብስክሌቶች ጎማ 622 ነው። በዐይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን የ622ቱ ጎማ በ630 ቸርኬ ላይ አይገባም፤ የ630ውን ጎማ በ622 ቸርኬ ብታስገቡት ደግሞ ይሰፋና በጉዞ ላይ ሊወልቅ ይችላል። ሻጭ «ያው ነው» ቢላችሁ ቍጥሩን ራሳችሁ አንብቡት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ቤት ያደሰች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። አዲስ ሶፋ ሲገባ ምንጣፉ ያረጀ ይመስላል፤ ምንጣፉ ሲለወጥ መጋረጃው ያስጠላል። ብስክሌትም እንዲሁ ነው። ቸርኬው በ622 ከተለወጠ፣ ጠርዙ በ4 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ስለሚገባ የፍሬኑ ጎማ ላይደርስበት ይችላል፤ ፍሬኑም ይለወጥ። የአሮጌዋ ቴላዮ፣ ማለትም የብረት አካሏ፣ ከኋላ ጎማውን የሚይዝበት ክፍተት 126 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኋለኞቹ ግን 130 ናቸው። ቴላዮው ብረት ስለሆነ ባለሙያ በጥንቃቄ ሊያሰፋው ይችላል፤ አልሙኒየም ቢሆን ኖሮ አይሞከርም፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ ጥርሱ ሲበዛ ሰንሰለቱ መቅጠን አለበት፤ ማርሽ መቀየሪያውም አብሮ። ሽማግሌው ይህን ሁሉ በጣታቸው እየቈጠሩ ሲነግሯት ወዳጄ ብዕርና ወረቀት አውጥታ ትደምር ነበር። ድምሩ ከአዲሱ ብስክሌት ዋጋ ሁለት ሦስተኛ ሲደርስ ብዕሯን ዘጋች።

«ለመሆኑ ምንዋ ነው ያስቸገረሽ?» አሏት ሰውየው። ይህን ጥያቄ እኔም አልጠየቅኋትም ነበር፤ አፈርኩ። ያስቸገሯት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ወደ ቤዛዊት አቅጣጫ ያለው ዳገት፤ እናቷ በዚያ በኩል ስለሚኖሩ እሑድ እሑድ ትወጣዋለች። ሁለተኛው በክረምት ፍሬኑ አልይዝ ማለቱ፤ ሦስተኛው ሰንሰለቱ አልፎ አልፎ እየዘለለ እግሯን ማስደንገጡ።

ሰውየው ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለኩ። ይህን ቤታችሁም ልታደርጉት ትችላላችሁ። አዲስ ሰንሰለት ከአንዱ ፒን መካከል ከእሱ በኋላ እስካለው 24ኛ ፒን መካከል ሲለካ 304 ሚሊ ሜትር ከ8 ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ከጨመረ መለወጫው ደርሷል። ሦስት ሚሊ ሜትር ከጨመረ ጥርሱንም አብሮ በልቶታልና አዲስ ሰንሰለት ብቻ ብታስገቡ በአሮጌው ጥርስ ላይ መዝለሉን አይተውም። የወዳጄ ሦስትን አልፎ ነበር። እንግዲህ የኋላው ጥርስ መለወጡ ካልቀረ፣ ትልቁ ባለ 24 የነበረው ባለ 28 ይሁን አሉ። በፊት በኩል ያለው ትንሹ 42 ስለሆነ፣ በአሮጌው አንድ ጊዜ ፔዳል ስትረግጥ ወደ 3 ሜትር ከ78 ሳንቲ ሜትር ትሄድ ነበር፤ በአዲሱ 3 ሜትር ከ24 ትሄዳለች። መንገዱ ያጥራል፣ እግር ግን በ14 በመቶ ይቀለዋል።

የሒሳብ ሠራተኛ ናትና ወዲያው አመዛዘነችው። በመስኮት ያየችው ብስክሌት ከእሷ በ3 ኪሎ ያህል ይቀላል። እሷና ብስክሌቷ በአንድነት 73 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 3 ኪሎ ማለት 4 በመቶ ነው። ዳገት ላይ 14ቱ ከ4ቱ ይበልጣል፤ ዋጋውም የሚነጻጸር አይደለም። የፍሬኑ ችግር ደግሞ የፍሬን ጎማው ደርቆ እንደ ቀንድ መጠንከሩ ነበር። የእሷ ቸርኬ አልሙኒየም ስለሆነ አዲስ ጎማ ብቻ በቂ ነው። በክሮም የተለበጠ የሚያብለጨልጭ የብረት ቸርኬ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፤ እሱ ዝናብ ሲነካው በአዲስም ጎማ ቢሆን ቶሎ አይቆምም፤ እዚያ ላይ ቸርኬ ለመለወጥ የሚወጣ ገንዘብ የቅንጦት አይደለም።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን ማታ ቤቷ ቡና ስንጠጣ ልጇ ገባች። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብታ ትምህርት ቤቷ ከድልድዩ ወዲያ ሆኗል። ጠዋት በእግሯ ሃምሳ ደቂቃ ትሄዳለች። እሷ ምንም አላለችም፤ ጫማዋን ከበሩ ላይ አውልቃ እግሯን በውሃ ነከረች፣ በቃ። ወዳጄ የቡናውን ሲኒ አስቀመጠችና «ሌላ መግዛት ስል የነበረው ለማን ነው?» አለች፤ እኔን ይሁን ራሷን እንደ ጠየቀች አላውቅም።

እውነቱን ለመናገር እኔ ደስ አላለኝም። ይህች ሴት ስንት ዕቁብ ለቤቱ ስታወርድ አይቻታለሁ። እናት ሁልጊዜ የመጨረሻዋ መሆን አለባት ብሎ የደነገገ ማን ነው? ይህንንም ነገርኋት። «አንቺ በብዕር ትጽፊዋለሽ፤ እኔ ጠዋት እያለፍኳት እንዴት እነዳለሁ?» ብላ ዘጋችኝ። ባለቤቷ ልጅቷ ከአባቷ ጋር በባጃጅ ትሂድ ሲል ሐሳብ አቀረበ፤ የወሩን ሒሳብ በወረቀት ስታሳየው ዝም አለ። አያቲቱ ደግሞ ሴት ልጅ ቀሚስ ለብሳ ብስክሌት ላይ መውጣቷን አልወደዱትም። ለዚህ መልሱ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የላይኛው ብረት ዝቅ ብሎ የሚሠራው የሴቶች ብስክሌት በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ የወጣው ለቀሚስ ተብሎ ነውና።

በማግሥቱ ቅዳሜ ልጅቷን ይዘን እንደገና ወደ ሽማግሌው ሄድን። ለልጅ ብስክሌት ስትገዙ ያድግበታል ብላችሁ ትልቅ አትውሰዱ፤ ልብስ አይደለም። ልጅቷ ኮርቻው ላይ ተቀምጣ ተረከዟን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ስታሳርፍ ጉልበቷ መዘርጋት አለበት፤ ጣቶቿም ፍሬኑን ሳይንጠራሩ መጨበጥ አለባቸው። በሁለት አሮጌ ብስክሌቶች ላይ ሞከረች። በአንደኛው ወገቧ ተለጠጠ። ሁለተኛው ላይ ወጥታ ዘንባባው ድረስ ሄደችና ሳትመለስ ቆየች፤ እናቷ ሦስት ጊዜ ተነሥታ ተመለከተች።

የተገዛው እሱ ነው። የእናቲቱም ሰንሰለት፣ ጥርስና የፍሬን ጎማ ተለወጠ፤ ባለ 630ው ጎማ ጥንድ ሆኖ ስላልተገኘ የኋላው ብቻ ታደሰ። ከዕቁቡ ገንዘብ ሩብ ያህል ተረፈ፤ እሱም ወደ ቆርቆሮው ሄዷል። አሁን እናትና ልጅ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ድልድዩን አብረው ይሻገራሉ። ወዳጄ እሑድ ዳገቱን ሳትወርድ እንደ ወጣችው ነግራኛለች። ያ ቀላሉ ብስክሌት ግን እስከ ትናንት ድረስ ከሱቁ መስኮት አልተነሣም። በዚያ ስናልፍ ፍጥነቷን ቀንሳ ቀና ብላ አየችውና፣ «የሚቀጥለው ዕጣ መቼ ነበር የሚደርሰኝ?» ብላ ጠየቀችኝ።