ቦታ አመልካች የሆነውን የእጅ መሣሪያ ስለ መምረጥ

በኮልፌ ቀራንዮ ዳገት ላይ ያለውን የባሕር ዛፍ ደን ወይም ምንጭ በካርታ ለማስፈር የሚወጣ ሠራተኛ ጂ ፒ ኤስ የሚባለውን የእጅ መሣሪያ ይይዛል። መሣሪያው ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ስፍራ ያሰላል፤ የአሜሪካ መንግሥት ሆን ብሎ ይጨምረው የነበረውን ስሕተት በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ካነሣ ወዲህ፥ ሰማዩ በተገለጠበት ስፍራ ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜትር ነው፤ በዛፍ ጥላ ሥር ግን ይብሳል።

ሲገዛ በየገበያው በሚገኝ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራና ዝናም የማያበላሸው መሆኑ ይታይ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አዲንዳን የተባለውን የቀድሞውን የኢትዮጵያ ካርታዎች የልኬት መነሻ መያዙ ነው፤ በደብልዩ ጂ ኤስ 84 የተነበበው ቁጥር በአሮጌው ካርታ ላይ እንዳለ ቢሰፍር ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይዛወራልና፤ ምንጩም የሌላ ቀበሌ ሆኖ ሊጻፍ ይችላል።

የገበሬን ወሰን ለመቁረጥ ይህ መሣሪያ አይበቃም። ርዝመቱም ወርዱም 50 ሜትር በሆነ ማሳ አንዱ ጎን በ5 ሜትር ቢያጥር ከመሬቱ ከዐሥር አንድ እጅ ይጎድላል፤ ይህም ለባለ ማሳው ከዓመት ቀለቡ የአንድ ወር ያህል ነው። ስለዚህ የወሰን ክርክር ሲነሣ ሹሙ ማሳውን በሜትር ያስለካ እንጂ በእጅ መሣሪያው ንባብ አይፍረድ።