ሳንቲም ካገኛችሁ ከዋጋው በፊት «ከየት ወጣ?» በሉ

ባሕር ዳር ላይ የቱሪስት ዕቃ መሸጫ ሱቆች ጎራ ካላችሁ ጠገራ ብር አታጡም። ምስሏ ያለው ማርያ ቴሬዛ ናት፤ የኦስትሪያዋ። ዓመቱ 1780 ይላል። ግን ያ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ይኸው ዓመት እየተጻፈበት ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ ሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ብቻውን አይበቃም። ከየት መሬት፣ ከምን ጋር ወጣ? ቁም ነገሩ እዚያ ላይ ነው።

የአክሱምን እንይ። አክሱም ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ እስከ 7ኛው ድረስ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ ትመታ ነበር (በአውሮፓ አቆጣጠር)። ወርቁ ላይ ያለው ጽሑፍ በአብዛኛው ግሪክኛ ነው፤ ነሐሱ ላይ ግን ግዕዝ እየበዛ ሄደ። ለምን?

መልሱን የሚሰጠን የተገኙበት ቦታ ነው። የመን ውስጥ አል-ማዳሪባ ላይ በአንድነት ከወጡት ከ1,000 በላይ የወርቅ ሳንቲሞች አብዛኞቹ የአክሱም፣ ቀሪዎቹ የሮም ናቸው። ነሐሱ ደግሞ በብዛት የሚገኘው እዚሁ፣ አክሱምና አዱሊስ ነው። በቀላሉ፦ ወርቁ ለባሕር ማዶ ንግድ፣ ነሐሱ ለአገር ቤት ገበያ።

ደብረ ዳሞ ላይ ደግሞ ከሕንድ በኩል የመጡ ከ100 በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። እዚያው አክሱም መምታት ካቆመች በኋላ የተመቱ የዓረብ ሳንቲሞችም ወጥተዋል። ንግዱ ተዳከመ እንጂ ጨርሶ አልተቋረጠም ማለት ነው።

እሺ፣ ወደ መሀል አገርስ? በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ሰዎች ወደ ሳሱ ይልክ እንደነበር ጽፏል። በሬ፣ ጨውና ብረት ሰጥተው ወርቅ ይዘው ይመለሳሉ። ልብ በሉ፦ ሳንቲም የምትመታው አገር ወርቁን ያመጣችው በሳንቲም አልነበረም! ሳንቲሙ ሲቆምም አሞሌ ጨው ገንዘብነቱን ይዞ ቀጠለ። ከሐረር በቀር፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) የራሳቸውን ብር እስኪያስመቱ ድረስ።

ይህ ሁሉ የታወቀው ሳንቲሞቹ የት እንደተገኙ ስለተመዘገበ ነው። አንድ ገበሬ ሲያርስ ያገኘውን ለወርቅ ሠሪ ቢሸጠው ብረቱ ይቀልጣል፤ ታሪኩም አብሮ ይቀልጣል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ አትጠቡት፣ አትፈግፍጉት፤ ቦታውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አሳውቁ።