አጥንት ለአጥንት

ታላቅ እህቴ ስትስቅ ዛሬም እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ልጆች አሳድጋ ድራለች፣ ያቺን እጅ ግን አልተወቻትም። ያኔ ናዝሬት በምትባለው አዳማ ስናድግ የጓደኞቻችንም የጎረቤቶቻችንም ጥርስ የበለዘ ስለነበር ነገሩ አይታወቀንም ነበር። አዲስ አበባ ለትምህርት በሄደች በመጀመሪያው ሳምንት ነው አንዲት የክፍል ጓደኛዋ «የናዝሬት ልጅ ነሽ አይደል?» ያለቻት። እህቴ ስሟን ገና አልነገረቻትም። ፈገግ ብቻ ነበር ያለችው።

ብዙ ሰው የበለዘ ጥርስ ካለመታጠብ የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም። መፋቂያም ሳሙናም አያስለቅቀውም፤ ቀለሙ ጥርሱ ሲሠራ አብሮ የተሠራ ነውና። የቋሚ ጥርስ ሽፋን ድድ ውስጥ ሆኖ የሚገነባው ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። በእነዚያ ዓመታት ልጁ የሚጠጣው ውኃ ፍሎራይድ ከበዛበት ሽፋኑ በደንብ ሳይጠነክር ይቀራል። መጀመሪያ ኖራ የመሰለ ነጠብጣብ ይታያል፤ ቆይቶ ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ይሆናል፤ ሲብስ ይሸረፋል። ካደገ በኋላ ወደ አካባቢው የመጣ ሰው ግን ጥርሱ አይነካም። ጥቂት ፍሎራይድማ ጥርስን ያጠነክራል፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚሁ ነው። ጣጣው መጠኑ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው።

ፍሎራይዱን ውኃ ውስጥ የጨመረው ሰው የለም፤ የመጣው ከምድሩ ነው። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያለው የስምጥ ሸለቆ ወለል እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ፣ ፑሚስና ባልጩት የተነጠፈበት ነው። የከርሰ ምድር ውኃ በዚህ ድንጋይ መሐል ቀስ እያለ ሲያልፍ፣ በተለይ ከሥር ሲሞቅ፣ ፍሎራይዱን አሟሙቶ ይዞ ይሄዳል። በሌላ አገር ካልሲየም ፍሎራይዱን ይዞ ያዘቅጠው ነበር። የስምጥ ሸለቆ ውኃ ግን ሶዳ የበዛበትና ካልሲየም ያነሰው ስለሆነ ፍሎራይዱ እንደሟሟ ይቀራል። ወደ ታች እየተጠራቀመ ሄዶ ሻላና አብጃታ ሐይቆች ሲደርስ በሊትር ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ተለክቷል። ሰው ከእነዚህ ሐይቆች ባይጠጣም፣ በሐይቆቹና በአዋሽ መካከል ያሉት መቂ፣ ባቱ፣ አዳሚ ቱሉና ቡልቡላ የቆሙት በዚሁ ምድር ላይ ነው። ደግሞ ጉድጓድና ጉድጓድ አይመሳሰልም። ጥሩ ውኃ ከሚሰጥ ጉድጓድ አጠገብ የተቆፈረው ሌላው ሊጠጣ የማይገባው ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ለብቻው መለካት አለበት። ዓይንም ምላስም አይረዱም። ፍሎራይድ በዚህ መጠን ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የለውም። ማፍላትም አይጠቅምም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ በቀረው ውስጥ ይበረታል።

ነገሩ ከጥርስ አልፎ እስከ የት እንደሚሄድ አገሪቱን ያስተማረችው ከአዳማ ደቡብ በቅርብ ርቀት ያለችው ወንጂ ናት። ኤችቪኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከሌሎችም የደቡብ አካባቢዎች ብዙ ሠራተኛ መጣ። እነዚህ ሰዎች ሲመጡ አድገው ስለነበር ጥርሳቸው ነጭ ነበር፤ ነጭም ሆኖ ቀረ። እዚያ የተወለዱት ልጆቻቸው ጥርሳቸው በለዘ። አባቶቹን ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቃቸው ነበር። በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተለካበትን የጉድጓድ ውኃ ከአሥር፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሲጠጡ ፍሎራይዱ አጥንታቸው ውስጥ ተከማቸ። አንገት አልዞር አለ፤ ወገብ አልታጠፍ አለ። ጅማት ወደ አጥንትነት ተለወጠ፤ በአንዳንዶቹም ያበጠው አከርካሪ ኅብለ ሰረሰርን ተጭኖ እግር አሰረ። አገዳ እየቆረጠ ልጆቹን ያሳደገ ሰው ጡረታ ሲወጣ ዞር ብሎ የልጁን ፊት ለማየት መላ ሰውነቱን ማዞር ግድ ሆነበት።

በሐኪሞች ዘንድ ነገሩ ጎልቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ በስምጥ ሸለቆ ተወልደው ካደጉት ከተመረመሩት ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በፍሎራይድ ተነክቶ ተገኝቷል። ይህን ቁጥር ሳነብ የእኔ ክፍል ውስጥ የነበሩት ልጆች በዓይኔ መጡ። ከአምስቱ አራቱ። ልክ ነው፣ እንዲያ ነበርን።

በዓለም ብዙ የተወራው ግን ስለ ሌላ የውኃ መርዝ ነው፤ ስለ እርሳስ። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የፍሊንት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጪ ለመቀነስ የውኃ ምንጩን ቀየረ። ዝገት የሚከላከለው ኬሚካል በአዲሱ ውኃ ውስጥ ስላልተጨመረ ውኃው አሮጌዎቹን የእርሳስ ቧንቧዎች እየበላ እርሳሱን ይዞ ቤት ገባ። አሜሪካ ውስጥ ከዋናው መስመር ወደ ቤት የሚገቡ ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ቧንቧዎች እንዳሉ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ገምቶ ነበር። አንዱን ቆፍሮ ለመቀየር በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል፤ ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ሕግ 15 ቢሊዮን ዶላር ተመድቧል። ክርክሩም ብዙ ነው። ብዙ ቦታ የቧንቧው አንዱ ክፍል የከተማው፣ ሌላው የቤቱ ባለቤት ነው፤ ማን ይክፈል? የከተማው ድርሻ ብቻ ከተቀየረ ደግሞ ቁፋሮው የቀረውን ስለሚነቀንቀው እርሳሱ ለጊዜው ሊጨምር ይችላል። ሆኖም ሥራው ጫፍ አለው። የዊስኮንሲኗ ማዲሰን ከተማ አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶባት ሁሉንም አውጥታ ጨርሳለች።

የእኛ ችግር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እዚያ በሽታው ቧንቧው ነው፤ ያወጡታል፣ ያርፋሉ። እኛ ጋ ቧንቧው መድኃኒቱ ነው። ጥሩ ውኃ ከሩቅ የሚያመጣ ቧንቧ ባለመኖሩ ነው ሰው ከእግሩ ሥር ያለውን የሚጠጣው። ከእግራችን ሥር ያለውን ምድር ደግሞ አውጥቶ የሚቀይረው የለም።

አዳማ ራሷ ያገኘችው መፍትሔ አዋሽ ነው። የወንዝ ውኃ ከጉድጓዱ ይልቅ ፍሎራይዱ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ከተማዋ ወንዙን አጣርታ መጠጣት ስትጀምር ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ልጆች ጥርስ ተለወጠ። የእህቴ ልጆች ሲስቁ እጃቸው የት እንዳለ አያስታውሱም። ግን አዋሽም በነፃ አይመጣም። ክረምት ሲገባ ጭቃ ይዞ ይደፈርሳል፤ ያንን ለማዝቀጥ አሉሚኒየም ሰልፌት፣ ለማጽዳት ክሎሪን፣ ወደ ከተማዋ ለመግፋት ፓምፕና መብራት ይፈልጋል። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚገባበት የሞጆ ወንዝ የሚያበቃው ቆቃ ግድብ ላይ ነው፤ አዋሽም ወደ አዳማ የሚወርደው ከቆቃ ነው። ከተማዋ ደግሞ ከቧንቧው ይልቅ ፈጥና አድጋለች። ውኃ በፈረቃ ሲሆንና ሮቶው ሲጎድል ሰው ጀሪካኑን በጋሪ ጭኖ ወደ ቅርቡ ጉድጓድ ይሄዳል፤ ያ ጉድጓድ ደግሞ የድሮው ጉድጓድ ነው።

ከአዋሽ ራቅ ላሉት ከተሞችና ቀበሌዎች ሌላው ተስፋ ደጋው ነው። የአርሲ ተራሮች ምንጭ ፍሎራይዱ ትንሽ ነው፤ ቁልቁል ስለሚወርድም ፓምፕ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ዋተርኤይድ በተባለው የእርዳታ ድርጅት ድጋፍና በሕዝቡ ጉልበት የተሠራው የሂጦሳ መስመር ከባዳ ተራራ ሥር ተነሥቶ ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ቧንቧ ተዘርግቶለታል። እንዲህ ያለ መስመር ውድ ነው፤ ግን ዕድሜ አለው፣ የጥገናውን ወጪም ቦኖው ላይ በሚከፈለው ሳንቲም ተጠቃሚው ራሱ ሊሸፍነው ይችላል። ገንዘብ ቢኖረኝ እኔ መጀመሪያ የማውለው እዚህ ላይ ነው።

ቧንቧው እስኪመጣስ? እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ማጣራት ነው። ወንጂ ውስጥ በሆላንዶቹ ጊዜ የተሠሩት ማጣሪያዎች አክቲቬትድ አሉሚና የሚባል ነጭ እንክብል ይጠቀሙ ነበር፤ ከውጭ የሚገባ፣ በጠገበ ቁጥርም በኮስቲክ ሶዳና በአሲድ የሚታጠብ። ፋብሪካና ቤተ ሙከራ ላለው ይሆናል፤ ለቀበሌ ይከብዳል። ሌላው ናልጎንዳ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ይኸው ችግር ካለባት የሕንድ ወረዳ ነው። አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ባልዲ ውስጥ ጨምሮ ማማሰል፣ ማሳደር፣ ጠዋት ከላይ ያለውን መቅዳት። ርካሽ ነው። ነገር ግን በየቀኑ መለካት አለበት፤ ፍሎራይዱ በበዛ መጠን ዱቄቱም ይበዛል፣ አተላውም መድፊያ ይፈልጋል። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እንጀራ ጋግራ ለምታድር እናት ይህ ሌላ ሥራ ነው።

ሦስተኛው የአጥንት ከሰል ነው፤ ልቤን የወሰደው እሱ ነው። የከብት አጥንት ተለቅሞ፣ ሥጋውና ስቡ ወልቆ፣ ምድጃ ውስጥ አየር አጥሮት ከ300 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይከስላል። እሳቱ ካነሰ የሥጋው ቅሪት ሳይቃጠል ይቀርና ውኃው ይሸታል፤ ከበዛ አጥንቱ ነጭ አመድ መስሎ ፍሎራይድ የመያዝ አቅሙን ያጣል። ጥሩው ከሰል ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ ነው፤ በእጅ ሲያዝ ቀላል፣ ሲሰበር ጠርዙ ስለታም የሚሆን። ከዚያ ተሰባብሮ፣ ተነፍቶና ታጥቦ ባልዲ ወይም ታንከር ውስጥ ይሞላል፤ ውኃው በላዩ ይፈስሳል። ሥራው ምሥጢር የለውም። የከብቱም አጥንት፣ የእኛም አጥንት፣ የጥርሳችንም ሽፋን አንድ ዓይነት ማዕድን ናቸው፤ ፍሎራይድ ሲያገኙ ወደ ውስጣቸው ይስቡታል። ከሰሉ ያንኑ የልጁ ጥርስ ያደርገው የነበረውን ቀድሞ ያደርግለታል። ሞጆ ላይ የኦሮሞ ራስ አገዝ ድርጅት (ኦሾ) ይህን ከሰል ሲያመርት ኢያዋግ የተባለው የስዊዘርላንድ የውኃ ምርምር ተቋም አብሮት ሠርቷል።

ወጪውን ለመረዳት አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን አንድ ጀሪካን፣ 20 ሊትር፣ ይበቃዋል እንበል። ጉድጓዱ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ካለው፣ ወደ 1.5 ለማውረድ በየቀኑ 170 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ መያዝ አለበት። አንድ ኪሎ ከሰል ሁለት ግራም ይይዛል ብንል 10 ኪሎ የሞላበት ባልዲ 117 ቀን ያገለግላል፤ አራት ወር አይሞላም። በዓመት 31 ኪሎ ገደማ ከሰል ማለት ነው፣ ለአንድ ቤት። አጥንት ሲከስል ክብደቱ ስለሚቀንስ ጥሬው ከዚህም ይበልጣል። ቄራ ባለበት ከተማ አጥንቱ አይጠፋም፤ የሚከብደው ለቅሞ፣ አክስሎ፣ አጓጉዞ፣ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን በወቅቱ መተካቱ ነው። ባልዲውን ፕሮጀክት ይገዛዋል። ከፕሮጀክቱ በኋላ ያለውን 117ኛ ቀን ግን የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል፤ በሐሳብ ደረጃ ሳይሆን ደመወዝ ያለው፣ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው።

የእምነት ጥያቄም አለ፣ ሊናቅም አይገባም። አጥንቱ የማን እርድ ነው? ለሙስሊሙ ይህ ዋና ነገር ነው። በዐቢይ ጾም በአጥንት ላይ ያለፈ ውኃ ይጠጣል ወይ? ክርስቲያኑም ይጠይቃል። ከሰሉ ሥጋም ስብም ያልቀረበት ማዕድን መሆኑን የሃይማኖት አባቶችን ምድጃው ዘንድ ወስዶ ማሳየት የግድ ነው። ይህን ዘሎ ማጣሪያ የሚያድል ሰው ባዶ ባልዲ አድሎ ይመለሳል።

ማጣሪያ ለሌለው ቤትም የሚደረግ አለ። የጣራ ውኃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል፤ ክረምቱን በሙሉ ለሕፃናቱ ብቻ ቢጠራቀም እንኳ ትልቅ ነገር ነው። ወተትና ሌላ ካልሲየም ያለው ምግብ ሰውነት የሚቀበለውን ፍሎራይድ ይቀንሳል። ለልብስና ለገላ የጉድጓዱ ውኃ ምንም አይልም፤ ጥሩው ውኃ ለመጠጥ፣ ለወጥና ለሊጥ ብቻ ይቀመጥ። ሁለት ጀሪካን፣ ሁለት ዓይነት ክዳን።

መቂ አካባቢ አንድ ቤት ገብቼ እንዲህ ያለ ማጣሪያ አይቻለሁ። ባለቤቲቱ ዕድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው፤ የሚያሳድጉት የልጅ ልጅ አራት ዓመቱ ነው። ማጣሪያውን የተከለላቸው ልጅ «115 ጀሪካን ሲሞላ ከሰሉ ይቀየር» ብሏቸው ስለነበር፣ በየጀሪካኑ ግድግዳው ላይ በከሰል አንድ ጭረት ያደርጋሉ፤ አምስት አምስት እያደረጉ፣ በንጹሕ ረድፍ። ቡና እስኪፈላ ቆጠርኩት። 131 ነበር።

«እማማ፣ አልፏል እኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። አዲሱ ከሰል አልመጣማ» አሉና ለልጁ በጣሳ ቀድተው ሰጡት። «ውኃው ግን ያው ነው፤ ጣዕሙ ምንም አልተለወጠም።»